ምዕራፍ 7፦ ባዶው ቦታም ይነበባል

በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲወረብ ያየ ሰው የካህናቱን አሰላለፍ አይረሳውም። ገሚሶቹ ከዐለቱ አፋፍ ላይ፣ ገሚሶቹ ከታች ከቅጥሩ ውስጥ ይቆማሉ። ሰውነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ፣ መቋሚያው ሲዘምም፣ ጸናጽሉ ሲነሣና ሲወርድ አንዱ የሌላውን ክንድ አይነካም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከልኩ ቢጠብ ወረቡ ይሰናከላል፤ ከልኩ ቢሰፋ ደግሞ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ድምፁም ይበተናል። ልኩን በሜትር የጻፈ የለም። ማኅሌት የቆመ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ እንዲህ ያለው ልክ ነው። በምዕራፍ 4 አምስቱን የኖታ መስመሮች ስናይ ድምፅ ሲቀጥን ኖታው ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ሲወፍር ወደ ታች እንደሚወርድ ተነጋግረናል። ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ ኖታና ግጥም ወደ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚገባ አይተናል። ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ስናውቅ ወደ ጎን ያለውን ሳንነካው አለፍን። በአንድ ኖታና በሚቀጥለው መካከል ስንት ሚሊ ሜትር ይቀመጥ? መስመሩ የት ይቆረጥ? ገጹ የት ይገለጥ? ጥያቄው የማስዋብ ይመስላል። ወደ ትክክለኛው ቦታው የመለሰልኝ የአንድ መዝሙር ልምምድ ነው።

ልጆቹ ለምን ዘገዩ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወገል ጤና ላይ ለልጆች መዘምራን አንድ አጭር መዝሙር በኖታ አዘጋጅቼ ነበር። በኖታው አንድም ስሕተት አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። ልጆቹ ግን የመጨረሻው መስመር ላይ በደረሱ ቁጥር ይዘገያሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ከልጆቹ ፈለግሁት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን በክንዴ ርቀት ይዤ ስመለከተው ነገሩ ገባኝ። ለመጨረሻው መስመር የተረፉት ሁለት ባሮች ብቻ ነበሩ። (ባር ማለት በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል የታጠረ የምት ክፍል መሆኑን ታስታውሳላችሁ።) ፕሮግራሙ እነዚያን ሁለት ባሮች ልክ እንደ ላይኞቹ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ለጥጧቸዋል። ልጆቹ ያነበቡት ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ከኖታው ጋር ባዶውንም አነበቡት። ሰፊ ቦታ ያየ ዓይን «እዚህ ጊዜ አለ» ብሎ ይረዳል፤ ድምፅም ዓይንን ይከተላል።

መዝሙሩን እንደገና ሳዘጋጅ አንድም ኖታ አልቀየርኩም። መስመሮቹን እያንዳንዳቸው አራት አራት ባር እንዲይዙ አድርጌ ቆረጥኳቸው፤ ልጆቹም በዚያው ዕለት አስተካክለው ዘመሩት።

ለሽማግሌው ስንት ወንበር?

የአንድ መደበኛ ወረቀት ወርድ 210 ሚሊ ሜትር ነው። ግራና ቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ኅዳግ ብንተውለት ለኖታው 180 ይቀራል። አንድ ምት የሚቆይ ሩብ ኖታ 10 ሚሊ ሜትር ይሰጠው እንበል። ሁለት ምት ለሚቆየው ግማሽ ኖታ፣ አራት ምት ለሚቆየው ሙሉ ኖታስ ስንት እንስጥ?

ወደ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው መልስ እጥፍ ለእጥፍ ነው፤ 20 እና 40። ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ረጃጅም ድምፅ የበዛበት ዜማ እንዲህ ሲጻፍ ወረቀቱ በባዶ ሜዳ ይሞላል፤ ዓይን ከአንዱ ኖታ ተነሥቶ ሌላው ጋ ለመድረስ መንገድ ይጠፋዋል። ሌላው መልስ ለሁሉም እኩል 10 መስጠት ነው። ያኔ ደግሞ ጊዜው ከዓይን ይሰወራል፤ አጭሩም ረጅሙም አንድ ይመስላል።

የሠርግ ዳስ ውስጥ አስተናጋጅ የነበረ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሲገቡ ሰፋ ያለ ቦታ ይለቀቅላቸዋል፤ ክብራቸው ይታያል። ከአጠገባቸው ካለው ወጣት ዕድሜያቸው ሦስት እጥፍ ስለሆነ ግን ሦስት ወንበር አይሰጣቸውም። ልዩነቱ ለዓይን እንዲታይ በቂ ነው፤ ሌላውን እንግዳ ውጭ የሚያስቀር ግን አይደለም።

በአውሮፓ ኖታ በለስላሳ ብረት ሰሌዳ ላይ በመዶሻ ይቀረጽ በነበረ ዘመን ቀራጮቹ የደረሱበት ልክም ይኸው ነው። የኖታው ዕድሜ በእጥፍ ሲያድግ ቦታው በአንድ ተኩል ገደማ ብቻ ያድጋል። ዛሬ ሙዝስኮር፣ ሲቤሊየስና ዶሪኮ የተባሉት የኖታ ፕሮግራሞች ይህንኑ የቀራጭ ልማድ በስሌት ይሠሩታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ1.4 እስከ 1.6 ባለው ብዜት ነው። 1.5ን ብንይዝ ሩቡ 10፣ ግማሹ 15፣ ሙሉው 22.5 ሚሊ ሜትር ያገኛል፤ ከሩብ የሚያንሰው ስምንተኛ ኖታ ደግሞ 6.7 ገደማ። ስለዚህ አራት ሩብ ኖታ ያለበት ባር 40 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ፣ አንድ ሙሉ ኖታ ብቻ ያለበት ባር 22.5 ላይ ይቆማል። ሁለቱ በሰዓት አንድ ናቸው፤ በወርድ ግን አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊያህል ምንም አልቀረውም። ጀማሪ ይህን ሲያይ ፕሮግራሙ የተሳሳተ መስሎት ባሮቹን በእጁ እኩል ሊያደርጋቸው ይነሣል። አይንካቸው።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ይህ ስሌት የተሠራው በምት ለሚቆጠር ሙዚቃ ነው። ከወገል ጤና ብዙም በማይርቀው በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ገደማ የኖሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1916–2015 ዓ.ም.) በፒያኖ የተጫወቷቸውን ድርሰቶች ልብ ብላችሁ ስሙ። ዜማው እንደ እስትንፋስ ይሄዳል፤ ይቆማል፣ ያመነታል፣ ይፈስሳል። እንዲህ ያለውን ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው ፕሮግራሙ የሰጠውን ክፍተት እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መነሻ ሐሳብ ሊቀበለው ይገባል፤ እስትንፋሱ ባለበት ቦታ በእጁ መክፈት አለበት።

አምባሰል ስንት ኖታ ነው?

እስካሁን ያለው የኖታው ብቻ ነው። ቃል ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል፤ የአማርኛ ቃል ሲገባ ደግሞ በራሱ መንገድ ይወሳሰባል።

«ላሊበላ» በሉ። አራት ፊደል፣ አራት ድምፅ፤ ላ፣ ሊ፣ በ፣ ላ። እያንዳንዱ ፊደል ከአንድ ኖታ ሥር ይቀመጣል። አሁን «አምባሰል» በሉ። አምስት ፊደል ነው፤ ሲዜም ግን ሦስት ብቻ ነው፦ አም፣ ባ፣ ሰል። «ወገል ጤና»ም አምስት ፊደል ነው፤ በአፍ ግን አራት፦ ወ፣ ገል፣ ጤ፣ ና። ምክንያቱ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ የራሱ ድምፅ ሳይኖረው ከፊቱ ባለው ላይ ስለሚያርፍ ነው። ፊደላችን ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ቅርፅ ያለው ስለሚመስል ብዙ ጀማሪዎች ፊደልን ቆጥረው ከኖታ ሥር ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ቃሉ ከዜማው ቀድሞ ያልቃል ወይም ይተርፋል። መቁጠር ያለበት ጆሮ ነው።

ከቦታ አንጻር የሚከተለውን አስቡ። በወገል ጤናው መዝሙር በተጠቀምኩበት መጠን አንድ ፊደል 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወስዳል። «ባ» ከ6.7 ሚሊ ሜትሯ ስምንተኛ ኖታ ሥር ተመቻችታ ትቀመጣለች። «አም» እና «ሰል» ግን 8 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ፤ ከጎረቤት ጋር እንዳይጋጩ ደግሞ ትንሽ ባዶ ይጨመርላቸዋል። ፕሮግራሙ ቃላት እንዲደራረቡ ስለማይፈቅድ ኖታዎቹን ገፍቶ ያራርቃቸዋል። ውጤቱ እኩል ዕድሜ ያላቸው ሦስት ኖታዎች እኩል ባልሆነ ርቀት መቆማቸው ነው። አንባቢው ደግሞ ባዶውን ስለሚያነብ እኩል የሆነውን ዜማ አንካሳ አድርጎ ይዘምረዋል።

መፍትሔው ያቺን አንዲት ባር ነጥሎ መለጠጥ አይደለም፤ እንዲያ ከሆነ ቁስሉ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ይዛወራል። መጀመሪያ የግጥሙን ፊደል መጠን በጥቂቱ ቀንሱ። ከዚያ በአንድ መስመር የሚገቡትን ባሮች ከአምስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት አውርዱ። ሁሉም ኖታ እኩል ሲተነፍስ «አም»ም ቦታዋን ታገኛለች፣ «ባ»ም ብቻዋን አትጠብም። ወረቀት ይጨምራል፤ እውነት ነው። እኔ ግን በወረቀት ቆጥቤ በልምምድ ሰዓት ከመክፈል ወረቀቱን እመርጣለሁ።

በአንድ ቃል ውስጥ ባሉ ክፍሎች መካከል ጭረት ማድረግን አትተዉ፦ አም - ባ - ሰል። ጭረቱ ከሌለ አንባቢው ቃሉ የት እንደሚያልቅ በባዶው ስፋት ሊገምት ይገደዳል፤ ባዶው ደግሞ እዚህ የሚሠራው ለዜማው ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ሲያኖሩ ይህንኑ ችግር ፈትተውታል፤ የቃልን ድንበር ለባዶ ቦታ አደራ አልሰጡም።

የድጓ ጸሐፊ ክፍተቱን የት አስቀመጠው?

በአገራችን ዜማን በገጽ ላይ የማስቀመጥ ጥበብ ከኮምፒውተሩ እጅግ ይቀድማል። ትውፊቱ እንደሚነግረን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት አደራጁት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ከቃሉ በላይ ይሰፍራሉ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ደቃቅ ፊደላት አሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል ወይም የፊደላት ጥንድ በቃል የተጠና አንድ የዜማ ሐረግን ያስታውሳል።

አሁን ጸሐፊውን በዓይነ ኅሊና ተመልከቱት። ብራናውን ከወጠረና ከፋቀ በኋላ በዳርና በዳር በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም በሌለው ስል ነገር መስመር ያሰምራል። ያ መስመር የፊደሉን ቦታ ብቻ አይለካም። የዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ፊደል ከሌላ መጽሐፍ ፊደል ይልቅ የሚደቅቀው ከላዩ ለምልክቱ ሰማይ መተው ስላለበት ነው። ጸሐፊው ቃሉን ሲጽፍ ገና ያልተጻፈውን ምልክት ቦታ ያውቃል። ለእኔ በዚህ መጽሐፍ ካነሣናቸው ሥራዎች ሁሉ ይህ ትልቁ ነው፤ ከመጻፍ በፊት ባዶውን ማቀድ።

ከአምስት መስመሩ ኖታ ጋር ስናስተያየው ደግሞ አንድ ጥልቅ ልዩነት ይገለጣል። የአውሮፓው ኖታ አንባቢው ዜማውን ሰምቶት እንደማያውቅ ይገምታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ድምፅ ነጥሎ ጊዜን በገጹ ወርድ ላይ ይዘረጋል። ድጓው የተጻፈው ግን ዜማውን ከየኔታው አፍ ለዓመታት ለተማረ ሰው ነው። ስለዚህ አንዲት ደቃቅ ፊደል ረጅም ሐረግ ትሸከማለች፤ ወርድም አትጠይቅም፤ የምትፈልገው ከፍታ ብቻ ነው። ኬይ ኮፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያሳተሙትን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ስብስብ የሚያይ ሰው ሁለቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን ያገኛል። በብራናው ላይ ጠበብ ያለች ቦታ የያዘው ዜማ ወደ አምስት መስመር ሲገለበጥ ይዘረጋል፣ ይበዛል፣ መስመር ይጨምራል።

ስለዚህ «ክፍተቱ ስንት ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ከ«አንባቢው ምን ያውቃል?» ተለይቶ አይመለስም። ለመሪጌታ የሚዘጋጅ ገጽ ጠበብ ብሎ ከፍታ ይፈልጋል። ዜማውን ዛሬ ለሚጀምር ልጅ የሚዘጋጅ ገጽ ደግሞ ወርድ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

መስመር የት ይቆረጥ፣ ገጽ የት ይገለጥ?

እዚህ ላይ ፈጠን እንበል፤ ነገሩ የልምምድ ነው። ነፃ በሆነው በሙዝስኮር አንድ ባር መርጣችሁ ኢንተርን ስትጫኑ መስመሩ እዚያ ይቆረጣል፤ ከኮንትሮል ጋር ስትጫኑት ገጹ ይቆረጣል። መስመሩን የግጥሙ ስንኝ በሚያልቅበት ቁረጡ፤ ዘማሪ በዚያ ይተነፍሳልና። ገጹን ደግሞ ዝምታ ባለበት ቁረጡ። መሰንቆ የያዘ ሰው ሁለቱም እጁ ሥራ ላይ ነው፤ ገጽ የሚገልጥበት ሦስተኛ እጅ የለውም።

የኖታው መጠን በአምስቱ መስመሮች ከፍታ ይለካል። ሙዝስኮር በሁለት መስመሮች መካከል 1.75 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ አራት ክፍተት ስለሆነ ጠቅላላው 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ልጆች አንድ ወረቀት ተጋርተው የሚዘምሩ ከሆነ ከዚያ አታውርዱት። ኅዳጉንም አትሻሙት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲደርስ ዳሩ ይቆረጣል፣ ሲጠረዝ ደግሞ ግራው ይዋጣል።

ሥራው ሲያልቅ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ይህን የምለው በምክንያት ነው። እናንተ የጻፋችሁበት የፊደል ዓይነት፣ ኒያላም ይሁን አቢሲኒካ፣ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ማሽኑ በራሱ ሌላ ይተካበታል። የተተካው ፊደል ወርዱ ይለያል፤ ቃላቱ ኖታውን ይገፋሉ፣ መስመሩ ይሞላል፣ የመጨረሻው ባር ወደሚቀጥለው ገጽ ይወድቃል። ፒዲኤፍ ፊደሉን ከነቅርፁ ይዞት ይሄዳል።

ክፍተት ማስተካከልን ደግሞ የመጨረሻ ሥራ አድርጉት። ፊናሌ የተባለው ስመ ጥር ፕሮግራም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያገለግል ኖሮ፣ ባለቤቱ ኩባንያ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማዘመኑን ማቆሙን አስታወቀ። በፊናሌ የተጻፈን ሥራ ወደ ሌላ ፕሮግራም ማሻገር ይቻላል፤ ኖታውና ቃሉ ይሻገራሉ። በእጅ የተስተካከለው ክፍተት ግን አብዛኛው በመንገድ ይቀራል።

አሥሩ ምልክቶች

የዩኒኮድን ነገር በምዕራፍ 2 አንሥተናል፤ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ገባበት። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሥር የዜማ ምልክቶች ቁጥር ተሰጣቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት እና ቁርጥ። ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ምልክቶቹ የገቡት የየራሳቸውን ቦታ ይዘው ከፊደሉ ጎን እንዲቆሙ ሆነው ነው፤ በተራ ጽሑፍ ውስጥ ስትጽፏቸው በራሳቸው ከፊደሉ በላይ አይወጡም።

አንድ የድጓ ገጽ በዚህ መንገድ አትሜ ለአንድ መሪጌታ አሳየሁ። ወረቀቱን አቅርበው፣ ቀጥሎ አርቀው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ምልክት የየትኛው ፊደል ነው?» አሉኝ። «የኔታ፣ ከፊቱ ላለው ፊደል ነው» አልኳቸው። «እኔስ በምን ልወቀው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ምልክቱ በሁለት ፊደላት መካከል ገብቶ ቃሉን ለሁለት ከፍሎት ነበር፤ በብራናው ላይ ሰማይ የነበረው ቦታ በእኔ ገጽ ላይ የለም።

ዛሬ የምሠራው እንዲህ ነው። በኖታ ፕሮግራሙ አምስቱን መስመሮች እንዳይታዩ አደርጋለሁ፤ ቃሉን እንደ ግጥም እጽፋለሁ፤ ምልክቱን ደግሞ በዚያው ኖታ ላይ እንደሚሰቀል ጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ፤ በመጨረሻም ኖታውን ራሱን እሰውረዋለሁ። ፊደሉ ሲንቀሳቀስ ምልክቱ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ይሠራል፤ ነገር ግን አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ድጓ ደግሞ የአንድ ገጽ መጽሐፍ አይደለም።

ጃፓኖች ከከባዱ ፊደላቸው በላይ ደቃቅ የንባብ ፊደል የሚያስቀምጡበት ሥርዓት አላቸው፤ የዓለም የጽሑፍ ፕሮግራሞችም ይህን ተቀብለው ሠርተውላቸዋል። ለእኛም የሚያስፈልገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የፊደል ቅርፅና የጽሑፍ ፕሮግራም የምትሠሩ ወጣቶች፣ ይህን ሥራ ያዙት። ስትጀምሩ አንድ መሪጌታ አጠገባችሁ ይቀመጡ፤ ቁጥሩን ከማስገባታችሁ በፊት በሁለት የድጓ መስመሮች መካከል ስንት ሰማይ እንደሚተው ይንገሯችሁ።